ትስስርና የሞለኪውል ቅርጽ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ኬሚካል ትስስርና ስለ ሞለኪውል ቅርጽ ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ከመሠረቱ ልጀምር።

ጥያቄ፦ አቶሞች የሚጣመሩት 8 ኤሌክትሮን ለመሙላት ስለሚፈልጉ ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

መልስ፦ "ስለሚፈልጉ" የምትለዋን ቃል መጀመሪያ እናውጣት። አቶም ምንም አይፈልግም፤ እስከ 8 መቁጠርም አይችልም። የሚያጣምረው የኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ሁለት የሃይድሮጂን አቶሞች ሲቀራረቡ የአንዱ ኒውክለስ (መሃሉ ላይ ያለው አዎንታዊ እምብርት) የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ኤሌክትሮን መሳብ ይጀምራል፣ ኤሌክትሮኖቹም በሁለቱም በኩል ስለሚያዙ ጠቅላላው ኢነርጂ ይቀንሳል። በጣም ከተጠጉ ደግሞ ኒውክለሶቹ ይገፋፋሉ። መሳሳቡና መገፋፋቱ የሚመጣጠነው 74 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የሜትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ርቀት ላይ ነው። እዚያ ከረጉ በኋላ ለመለያየት በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን በጅምላ የሚቆጥሩበት መጠን) 436 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ትስስር ማለት ይኸው ነው።

የ8ቱን ሕግ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ለካርበን፣ ለናይትሮጂን፣ ለኦክስጅንና ለፍሎሪን በጣም ጥሩ መቁጠሪያ ነው። ግን መቁጠሪያ እንጂ ምክንያት አይደለም። ለዚህ ነው ሰልፈር ከ6 ፍሎሪኖች ጋር ተሳስሮ ስታገኙት መደንገጥ የሌለባችሁ።

ጥያቄ፦ ሶዲየም አንዷን ኤሌክትሮን በቀላሉ ለክሎሪን ሰጥቶ ይገላገላል ይባላል። እውነት ይገላገላል?

መልስ፦ በቀላሉስ አይሰጥም። ሂሳቡን እንየው። ከአንድ ሞል የሶዲየም ጋዝ ኤሌክትሮኖቹን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ይጠፋል። ክሎሪን ሲቀበላቸው የሚወጣው 349 ብቻ ነው። 147 ኪሎጁል ኪሳራ! ታዲያ ይህን ኪሳራ ማን ይሸፍነዋል? ክሪስታሉ ነው። አዮኖቹ (ኤሌክትሮን የሰጡትና የተቀበሉት አቶሞች) ተሰብስበው እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎራይዶች (ኤሌክትሮን በተቀበሉ ክሎሪኖች)፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በ6 ሶዲየሞች ሲከበብ ወደ 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። ኪሳራውን ሸፍኖ ብዙ ይተርፋል።

ከዚህ ሌላም ነገር እናገኛለን። ጨው ውስጥ "አንድ የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪውል" ብላችሁ ለብቻው የምታነሡት ነገር የለም። ቀመሩ የሚነግረን ቁጥራቸው እኩል መሆኑን ብቻ ነው። ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይቀልጥ የሚቆየውም ለዚህ ነው፤ አንድ ጥንድ ሳይሆን ሁሉም አቅጣጫ ይዞታል።

ጥያቄ፦ አዮኒክ ይሁን ኮቫለንት በምን ልለይ? የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነቱ ከ1.7 ከበለጠ አዮኒክ ነው አሉኝ።

መልስ፦ አዮኒክ ማለት እንደ ጨው ኤሌክትሮን ተሰጥቶ በአዮኖች መሳሳብ የተያዘ፣ ኮቫለንት ማለት ደግሞ ኤሌክትሮን በመጋራት የተያዘ ትስስር ነው። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ማለት አንድ አቶም በትስስር ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ ነው። ኬሚስቱ ላይነስ ፖሊንግ በ1932 ባወጣው መለኪያ ላይ ተመሥርቶ ፍሎሪን 4.0 ገደማ፣ ኦክስጅን 3.4፣ ካርበን 2.6፣ ሃይድሮጂን 2.2፣ ሶዲየም 0.9 ይሰጣቸዋል። 1.7 ግምታዊ ምልክት እንጂ ግድግዳ አይደለም። የሃይድሮጂንና የፍሎሪን ልዩነት 1.8 ገደማ ነው፤ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ግን በ20 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ በሞለኪውል የተሠራ ነገር ነው። አዮኒክና ኮቫለንት የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። አብዛኛው ነገር ያለው መሃል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ድርብ ትስስር ከነጠላው ሁለት እጥፍ ይጠነክራል?

መልስ፦ በካርበንና በካርበን መካከል ሁለት እጥፍ አይደርስም። ነጠላው (አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን የሚጋሩበት) ወደ 347፣ ድርቡ (ሁለት ጥንድ የሚጋሩበት) ወደ 610 ኪሎጁል በሞል ነው። ሁለተኛው ትስስር (ፓይ የሚባለው) የሚፈጠረው በጎን በኩል ስለሆነ እንደ መጀመሪያው በደንብ አይደራረብም።

ጥያቄ፦ ውሃም ካርበን ዳይኦክሳይድም ሦስት ሦስት አቶም አላቸው። ለምን ውሃ ጎበጠ፣ ያኛው ግን ቀጥ አለ? ይሄ ነገር አስለቅሶኛል።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አቶሞቹን ብቻ ስለቆጠርሽ ነው። ዓይንሽን መሃል ባለው አቶም ዙሪያ ወዳሉት ኤሌክትሮኖች አዙሪ። ኦክስጅን የራሱ 6 የውጭ ኤሌክትሮኖች አሉት። ከሁለቱ ሃይድሮጂኖች 2 ሲጨመር 8፣ ማለትም 4 ጥንድ ይሆናል። ሁለቱ ጥንዶች ሃይድሮጂኖቹን ይዘዋል። ሁለቱ ግን ከማንም ጋር አልተጋሩም፤ ሎን ፔር የምንላቸው እነሱ ናቸው። ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሆኑ እንረሳቸዋለን እንጂ ቦታ ይይዛሉ፣ ይገፋሉም።

አሁን አራቱም ጥንዶች እርስ በርስ መራቅ አለባቸው። ወረቀት ላይ ብናስበው 90 ዲግሪ ይመስለናል፣ ግን ሞለኪውል ወረቀት ላይ አይኖርም። አራት ፊኛ ነፍተሽ አፋቸውን አንድ ላይ እሰሪያቸውና እይ፤ ማንም ሳያስተካክላቸው ወደ አራት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ያ ቴትራሄድራል ነው፣ ማዕዘኑም 109.5 ዲግሪ። ሜቴን ልክ እንደዚህ ነው። ሎን ፔርን ደግሞ የሚይዘው አንድ ኒውክለስ ብቻ ስለሆነ ተንሰራፍቶ ይቀመጣል፣ ትስስሮቹንም ያጨናንቃል። አንድ ሎን ፔር ያለው አሞኒያ ወደ 107 ዝቅ ይላል፣ ሁለት ያለው ውሃ ወደ 104.5። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የማይታየው ጥንድ አሻራውን ትቶ ሲሄድ ያሳያሉ።

ካርበን ዳይኦክሳይድ ላይ ካርበን አራቱንም የውጭ ኤሌክትሮኖቹን ለሁለት ድርብ ትስስሮች አውሎታል። የተረፈ ሎን ፔር የለም። ድርብ ትስስር ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ እንደ አንድ ይቆጠራል። ሁለት ነገሮች ሲራራቁ ፊትና ኋላ ይሆናሉ፦ 180 ዲግሪ። ይህን አቆጣጠር በ1957 ያደራጁት ኬሚስቶቹ ጊሌስፒና ናይሆልም ናቸው።

ጥያቄ፦ አሞኒያ ቴትራሄድራል ነው ብዬ ፈተና ላይ ስህተት ተባልኩ።

መልስ፦ የኤሌክትሮኖቹ አደራደር ቴትራሄድራል ነው፤ እሱ ላይ ልክ ነህ። የሞለኪውሉን ቅርጽ ስንሰይም ግን አቶሞቹን ብቻ ነው የምናየው። አንዱ ጫፍ ላይ አቶም ስለሌለ ባለሦስት ጎን ፒራሚድ ይባላል።

ጥያቄ፦ ቅርጹን የሚያመጣው ሃይብሪዳይዜሽን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሃይብሪዳይዜሽን (የአቶሙን ኦርቢታሎች፣ ማለትም የኤሌክትሮን መገኛዎች፣ ማደባለቅ) ቅርጹን የምንገልጽበት ሂሳብ እንጂ አቶሙ የሚፈጽመው ድርጊት አይደለም። የጥንዶች መገፋፋትም ቢሆን ወሰን አለው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እንደ ውሃ 4 ጥንድ እያለው ማዕዘኑ 92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ትስስሮቹ ፖላር ከሆኑ ሞለኪውሉም ፖላር ነው?

መልስ፦ ፖላር ማለት ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንድ ጎን አዘንብለው አንዱ ጫፍ አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ሲሆን ነው። የሞለኪውሉ ግን በቅርጹ ይወሰናል። ካርበን ዳይኦክሳይድ ላይ ሁለቱ ኦክስጅኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ስለሚጎትቱ ይጣፋሉ። ውሃ ላይ ግን ሁለቱም ጉተታ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አይጣፋም።

ጥያቄ፦ ውሃ ሲፈላ ትስስሩ ይበጠሳል?

መልስ፦ በሞለኪውሎች መካከል ያለው የሃይድሮጂን ቦንድ (የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጂን በሌላው ኦክስጅን የሚሳብበት) ይለቃል፤ ውስጡ ያለው የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ትስስር ግን አይነካም። የመጀመሪያው 20 ኪሎጁል ገደማ፣ ሁለተኛው 463 ነው። እንፋሎትም ውሃ ነው። ያ የ20 ኪሎጁል መያያዝ ግን ቀላል አይደለም፤ እሱ የሌለው ያህል የሆነበት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሲቃጠል ኢነርጂው የሚወጣው ትስስሩ ሲበጠስ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! እባካችሁ ይህቺን ያዙልኝ። መበጠስ ሁልጊዜ ኢነርጂ ይበላል፣ ኢነርጂ የሚሰጠው መተሳሰር ነው። ሃይድሮጂን ሲቃጠል እንይ። የሁለት ሞል ሃይድሮጂንን ትስስር ለመበጠስ 872፣ የአንድ ሞል ኦክስጅንን 498፣ ድምሩ 1370 ኪሎጁል ከፈልን። ከዚያ 4 ሞል የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ትስስር ሲፈጠር 1852 ተመለሰልን። ነበልባሉም፣ ፍንዳታውም፣ ሙቀቱም ያ የተረፈው 482 ነው።