መስመሩ ለምን ይቆራረጣል?

አንድ አንባቢ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ኢቺንግ (መስመሩ በአሲድ ከተበላ የብረት ሰሌዳ የሚታተም ሥዕል) አይተው እሳቸውም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሞከሩ። «ሳትመው መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ የእሱ ግን እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው። የትኛውን ቀለም ልግዛ?» ይላሉ።

ምንም አይግዙ። መጀመሪያ ሕትመቱን ወደ መስኮት ወስደው ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አድርገው ይዩት። መስመሮቹ ከወረቀቱ ላይ ከፍ ብለው ካልታዩ፣ ወረቀቱ ወደ ጉድጓዱ አልወረደም ማለት ነው። በኢቺንግ ቀለሙ ያለው አሲዱ በበላው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ደረቅ ወረቀት አፉን ብቻ ነክቶ ይመለሳል። ወፍራም የጥጥ ወረቀት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ከዚያ በሁለት መጣጭ ወረቀቶች መሀል ይጫኑት። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ውሃ አይኑር፤ ሲነኩት ግን ቀዝቀዝ ይበል።

አሁንም ከተቆራረጠ የማተሚያውን ግፊት ይጨምሩ። የሰሌዳው ጠርዝ በሞረድ ሰያፍ ካልተደረገ ግን አይሞክሩት፤ ወረቀቱንም ከላይ የሚለብሰውን የሱፍ ጨርቅም ይቆርጣል።

ግራጫው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአጠራረግ ጣጣ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ ቀለሙን ይመጠዋል። ሰሌዳውን ሞቅ አድርገው ቀለሙን ይቀቡ፤ በስታርች የጠነከረ ሻሽ ጠቅልለው፣ ሳይጫኑ፣ ክብ ክብ እያደረጉ ይጥረጉ፤ መጨረሻውን በመዳፍ። ቀለሙ በጣም ከጠጠረ ጠብታ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ሬምብራንት አንዳንዴ ሆን ብሎ ስስ የቀለም ሽፋን ሰሌዳው ላይ ይተው ነበር፤ ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ሕትመቶቹ አንዱ ፈካ፣ ሌላው ጨለም ብሎ የሚታየው ለዚህም ጭምር ነው።

ከፋይ ያሉት ጥቁር ግን ከአሲድ አይመጣም። በ1653 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሦስቱ መስቀሎች» በዋናነት መዳቡን በቀጥታ በመርፌ በመጫር የተሠራ ነው። መርፌው የገፋው መዳብ በመስመሩ ዳር ሻካራ ሆኖ ይቆማል፤ ቀለም የሚይዘው እሱ ነው። እርስዎም በጣም እንዲጠቁር የሚፈልጉትን ቦታ ከአሲዱ በኋላ በመርፌ ይጨምሩበት፤ እሱም ብዙ ሰሌዳዎቹ ላይ እንዲሁ አድርጓል። እዚያ ሲደርሱ ሻሹን ያቅልሉት።

ችግሩ፣ ይህ ሻካራ ጠርዝ በየሕትመቱ ይደቃል፤ ከጥቂት ቅጂ በኋላ ጥቁሩ መሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ የወረቀቱን እርጥበትና ግፊቱን መርፌውን ከመንካትዎ በፊት ሞክረው ይጨርሱ፤ ጥሩ ወረቀትዎንም ከመርፌው በኋላ ለሚወጡት የመጀመሪያ ቅጂዎች ያቆዩ።