መሬቴን በእኩል ላሳርስ፤ ውሉ ምን ይያዝ?

ጥያቄ፦ ጤናዬ ስላልፈቀደልኝ መሬቴን ራሴ ማረስ አቅቶኛል። አንድ ጎበዝ ገበሬ በእኩል ላርሰው ብሎኛል። ዘሩንና ማዳበሪያውን እችላለሁ ይላል፤ ውሉ ለአንድ ዓመት ሆኖ ከተስማማን እናድሰዋለን። መሬቴ እንዳይጎዳብኝ፣ ከሰውየውም እንዳልቀያየም ምን ላስጽፍ?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ። ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ አንዱ የማዳበሪያው ወጪ፣ ሌላው የውሉ ዘመን ነው።

ወጪውን እሱ መቻሉ ለእርስዎ ጥቅም ይመስላል። እስቲ እናስላው። ማዳበሪያ ቢጨመር ምርቱ በ4 ኩንታል ያድጋል፣ የማዳበሪያው ዋጋ ደግሞ የ3 ኩንታል እህል ያህል ነው እንበል። ለማሳው ያዋጣል። አራሹ ግን የ3 ኩንታል ዋጋ አውጥቶ የሚደርሰው 2 ኩንታል ነው፤ ስለዚህ አይጨምረውም፣ አይፈረድበትምም። የእርስዎም 2 ኩንታል አብሮ ይቀራል። ምርቱ እኩል የሚካፈል ከሆነ የማዳበሪያው፣ የምርጥ ዘሩና የጸረ አረሙ ወጪም እኩል ይሁን። አሁን የሚያዋጡት ከሌለዎት እሱ ይክፈል፤ በየደረሰኙ ተሰልቶ፣ ምርቱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ከላይ ይነሳለት።

የዘመኑ ጉዳይ ይብሳል። ለከርሞ እዚያው ማሳ ላይ መሆኑን ያላወቀ ሰው ፍግ አያለብስም፣ እርከን አይጠግንም። የፍግ ናይትሮጂን በአንድ ወቅት አያልቅም፤ ለሚቀጥሉትም ዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። አሲዳማ አፈር ላይ የተበተነ ኖራም እንደዚሁ ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ቢያንስ 3 ዓመት ይዋዋሉ፤ በመሃሉ አንድ ጊዜ ጥራጥሬ እንዲዘራበትም ያስጽፉ። ውሉ ቀድሞ ቢፈርስ ደግሞ ያልተበላው ወጪ ይመለስለት። ለምሳሌ ኖራውን እሱ ገዝቶት፣ 5 ዓመት ያገለግላል ብላችሁ ከሆነና በ2ኛው ዓመት መጨረሻ ብትለያዩ፣ ካወጣው ከ5 እጅ 3ቱን ይከፍሉታል።

መሬቱ መጎዳት አለመጎዳቱ በአፍ እንዳይቀር ሲረከብም ሲያስረክብም አፈሩን ያስመርምሩ። ከ15 እስከ 20 ቦታ 20 ሳንቲሜትር ያህል እየተቆፈረ የሚወሰደው አፈር ተቀላቅሎ አንድ ናሙና ይሆናል። አቀንጭራ (የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም) ባለበት አካባቢ ከሆኑ ሳያብብ እንዲነቀል ለብቻው ያስጽፉ፤ የአረሙ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ አራሹ ሄዶ ጣጣው ለእርስዎ ይተርፋል።

በእህሉ ተስማምተው በገለባው የሚጣሉ ብዙ ናቸው። ገለባው የማን ነው? ቃርሚያው ላይ የማን ከብት ይገባል? ለአፈሩስ ምን ያህል ይቀራል? ሦስቱም ይጻፉ። እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ ሁለታችሁ ባላችሁበት ይመዘን፤ መምጣት ካልቻሉ የሚወክልዎት ሰው ስም ውሉ ላይ ይግባ።

የውሉ ማብቂያ ሰብሉ ከተነሳ በኋላ ይሁን፤ ቀኑ ቢደርስ እንኳ የዘራውን ሳያነሳ አይውጣ። አላድስም ማለት ካሰቡም አዲስ እርሻ ሳይጀምር ይንገሩት። ውሉ በሁለት ቅጂ፣ በምስክር ፊት ይፈረም፤ ሕጉ መመዝገብ አለበት የሚል ከሆነ ያስመዝግቡት።

ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ዛፍም ሆነ ሌላ ቋሚ ተክል እንዳይተክል ይግባበት። ከፈቀዱም የተከላው ወጪ የማን እንደሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ ተክሉ ለማን እንደሚቀር ችግኙ ሳይተከል ጻፉት።