ማሸጊያው ከመታተሙ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ አራት ኪሎ አካባቢ ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ ትሸጣለች። እኔም «ፀዳል ቡና» የሚል ስም አውጥቼ ማሸጊያ ላሳትም ነው። ንግድ ፈቃዱ በዚሁ ስም ወጥቷል። ወንድሜ ደግሞ እየዞረ የሚቆላ የጋዝ በርሜል ሠርቶ «ፓተንት (የፈጠራ መብት) አወጣበታለሁ» ይላል። የቀደመን ሰው መኖሩን ሳልንከራተት በስልኬ ማየት እችላለሁ?
ሰ. ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ሰጥተሽ ከሆነ አሁኑኑ ደውለሽ አስቁሚው። እኔ ከዛሬ 12 ዓመት በፊት ሻማ እሠራ ነበር። ፒያሳ 3000 መለያ አሳተምኩ። ወር ሳይሞላኝ «ስሙ የኛ ነው» የሚል ደብዳቤ መጣ። የተረፈው ካርቶን እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አለ፤ ባለቤቴ ጀርባው ላይ አስቤዛ ትጽፍበታለች።

ንግድ ፈቃድሽ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው። ዕቃሽን ከሌላው ዕቃ የሚለየው የንግድ ምልክት ሌላ ነው። እሱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ባለቤት የሚያደርግሽ ያ ምዝገባ ነው። 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል።

በስልክሽ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትን «ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ» ክፈቺ፤ ነፃ ነው። ምልክቶች በዕቃ ዓይነት ይመደባሉ፤ የቡና ምድብ 30 ነው። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ግን አትርኪ። ፀዳል በ«ጸ»ም ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆንማ ሁሉም እንደ ልቡ ነው። ለጆሮ መመሳሰሉም ችግር ያመጣል። እዚያ አጣሽው ማለት ደግሞ እዚህ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄደሽ ስሙን በመዝገብ ማስፈተሽሽ አይቀርም።

የኔን ሻማ ስም የወሰዱት ሰዎች ምልክቱን ሲያስመዘግቡ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል የተቃውሞ ጥሪ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር አሉ። ማን ያየዋል? የዱሮው ጥሪ ሁሉ በስልክ የሚፈለግ ቢሆን እኔም ካርቶን ታቅፌ አልቀርም ነበር።

ወንድምሽ ጎግል ፓተንትስ፣ ፓተንትስኮፕና ኤስፓስኔት የሚባሉትን የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ያገላብጥ። መቁያዎች «ኤ23ኤን» (A23N) በሚለው ምድብ ውስጥ ናቸው። የሚመስለው ሞልቶ ያገኛል፣ አይዘን። ለፓተንት አዲስነቱ የሚመዘነው ከመላው ዓለም ጋር ነው፤ ከፓተንት ዝቅ ብሎ ለሚመዘገበው «አነስተኛ ፈጠራ» ግን እዚህ አገር አዲስ መሆኑ ይበቃል። ዘመናቸው ያለፈባቸውን ፓተንቶች ሥዕሎች ደግሞ በነፃ ይማርባቸው። ኔዘርላንድ ውስጥ የወጣው የጤፍ ዱቄት ፓተንትም እዚያ ይነበባል። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ፈጠራ የለበትም ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ለእናታችሁ አንብቡላት፣ ትስቃለች።

የኢንተርኔት ጥቅል ካለቀባችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጃችሁ ነው። እስከዚያው በርሜሉን ከበረንዳ አስገቡት። ሰፈሩ ሁሉ ካየው በኋላ «አዲስ ነው» ማለት ይከብዳል።