ለሲያትሉ ወንድማችን፦ መንጠቆ ከመጣልህ በፊት የቦታውን ቁጥር እወቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ጓደኛዬ ትንሽ ጀልባ ገዛ። ከሲያትል ወጥተን ከባሕሩ ወለል አካባቢ የሚኖሩ ዓሦችን ማጥመድ እንፈልጋለን። ምን ምን ነው የሚከለከለው?» ብለሃል። የዛሬ አምስት ዓመት እኔም ልክ እንዳንተ ነበርኩ። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ተቀጣሁ። አንተ እንዳትቀጣ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ላይሰንስ ማውጣት እንዳለብህ ታውቃለህ። የሐይቅና የወንዙ ግን ባሕር ላይ አይሠራም። የጨው ውኃውን ወይም ሁለቱንም የያዘውን ግዛ።

2. ዋናው ይሄ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ባሕር በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ዌስትፖርት 2፣ ኤድመንድስ 9፣ ሲያትል 10፣ ታኮማ 11 ናቸው። አንዱ ቁጥር ላይ የተፈቀደ ዓሳ ሌላው ላይ ያስቀጣል።

እኔን ያስበላኝ ይሄ ነው። ጓደኛዬ ዌስትፖርት ሄዶ ሮክፊሽ የሚባለውን የወለል ዓሳ ይዞ መጣ። ጠብሰን በላን፣ በጣም ጣፈጠን። በሳምንቱ በእሱ ጀልባ ከኤድመንድስ ወጣን። እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ። ቆሮሶና አምባዛ በልጅነቴ አውጥቻለሁ፤ ዓሳ የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሁለት ሮክፊሽ ያዝኩ። ዓይናቸው ፈጧል፣ ሆድ ዕቃቸው በአፋቸው ወጥቷል። ምን ሆነው ነው እንኳ አላልኩም። በረዶ ውስጥ ከተትኳቸው።

ጀልባውን ወደምናወጣበት ስንመለስ ተቆጣጣሪው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሰላም ብሎ የበረዶ ሣጥኑን ከፈተ። ከ6 እስከ 13 ባሉት ቁጥሮች ሮክፊሽ አንድም መያዝ አይቻልም! ከ2010 ጀምሮ እንደዚያ ነው። በዚያው ዓመት «የሎአይ» እና «ቦካቺዮ» የሚባሉት የሮክፊሽ ዓይነቶች በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ስር ገብተዋል። «የሎአይ» ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፣ መውለድ ለመጀመርም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። አንዴ ካለቀ ቶሎ አይተካም። ይሄን ሳውቅ በቅጣቱ መናደዴን ተውኩ።

ያልተውኩት ንዴት ሌላ ነው። ስለ ቅጣቱ ልጠይቅ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት አነጋገሬን ሰማችና «ሕጉን ማንበብ ነበረብህ» ብላ ዘጋችብኝ። ሰው እንዲህ አይባልም። የሳምንት የታክሲ ገቢዬ እዚያው ቀረ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በዚያ እልህ ነው። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ እኔን ይጠይቃል።

3. ጥልቀት። እኛ አካባቢ ከ120 ጫማ በላይ ጥልቀት ባለው ውኃ የወለል ዓሳ ማጥመድ ክልክል ነው። ምክንያቱ ያ የፈጠጠው ዓይን ነው። ዓሳው ከጥልቅ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ይነፋበታል። ብትለቀውም መስመጥ አቅቶት ላይ ይንሳፈፋል፣ ወፍ ይበላዋል። ለዚህ ነው ዓሳውን በክብደት ወደ ታች የሚመልሰውን መሣሪያ ጀልባ ላይ አዘጋጅተህ መያዝ ግዴታ የሆነው። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይደለም፣ ወዲያው እንድትጠቀምበት ታስሮ። ሮክፊሽ ከያዝክ ሳትቆይ በእሱ አውርደው።

4. ፈጽሞ የተዘጉ ቦታዎች አሉ። 12 ቁጥር፣ ሁድ ካናል፣ ለወለል ዓሳ ዝግ ነው። ኤድመንድስ ጀልባ መሻገሪያው አጠገብ ያለው የጠላቂዎች ፓርክም የተከለለ ነው። ከጀልባ ስታየው እንደማንኛውም ውኃ ነው፣ አጥር የለውም። ካርታውን ስልክህ ላይ ጫን። ሕጉ በመሃል ስለሚቀየር በወጣህበት ቀን ጠዋት ፊሽ ዋሽንግተን የሚባለውን አፕ ክፈት።

አሁን ወደ ጥሩው። ሊንግኮድ የሚባለው ትልቅ የወለል ዓሳ እኛ አካባቢ ከሜይ 1 እስከ ጁን 15 ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ለእኛ ይመቻል። በቀን አንድ ብቻ ነው፣ ከ26 ኢንች ያላነሰ ከ36 ያልበለጠ። ሜትር ያዝ፣ በዓይን አትገምት። ባለፈው ዓመት 29 ኢንች የሆነ አወጣሁ። ያው ተቆጣጣሪ መጣ፣ ለካው፣ መሣሪያዬን አየ፣ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ቤት ወስጄ ጉላሽ ሠራሁት። አንዳንዱ ሊንግኮድ ስትቆርጠው ሥጋው ሰማያዊ ነው። ተበላሸ ብለህ እንዳትጥለው፣ ሲበስል ይነጣል።