ነፋሱ ከጀርባሽ ከመጣ ጀልባውን ተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከልጆችሽ ጋር ሐይቅ ልትሄዱ ነው። ልጆቹ መዋኘት፣ ወንድምሽ ዓሣ ማጥመድ፣ አንቺ ደግሞ ጀልባ መቅዘፍ አምሯችኋል። ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝም አጠገቡ አለ። «የአየር ሁኔታ አፑ ፀሐይ ነው ይላል፤ ይበቃል ወይ?» ነው ያልሽው።

አይበቃም። ከላይ «ችግር የለውም፣ ተዝናኑ» ብለው የመለሱልሽን አትስሚያቸው። የፀሐይ ምልክት ስለ ውሃው ምንም አይነግርሽም። ላይፍ ጃኬት አድርጉ የሚለውን አልደግምልሽም፤ ታውቂዋለሽ። በቀጥታ ወደ ዋናው ልግባ።

1. ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ እዪ። ጥንካሬው በኋላ ይደረስበታል። ዳር ቆመሽ ነፋሱ ጀርባሽን እየመታ ወደ ውሃው የሚሄድ ከሆነ ከፊትሽ ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ይመስላል። ዛፉና ኮረብታው ከልለውታላ! ደግሞ ሞገድ ለማደግ ርቀት ይፈልጋል። ነፋሱ ክፍት ውሃ ላይ ብዙ በተጓዘ ቁጥር ሞገዱ ይተልቃል። ስለዚህ እግርሽ ሥር ምንም የለም፣ መሃል ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሲሄዱ ነፋሱ ይገፋል፣ ክንድ አይደክምም። ሲመለሱ ነው ጉዱ።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር ሐይቅ ሄድን። ጀልባ የሚያከራዩት ሰዎች ቢሮ ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይውለበለባል። እዚያ ለተቀመጠው ልጅ አሳየሁት። እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ «ጋሼ፣ ውሃው እንደ መስታወት አይታይዎትም እንዴ? እኔ እዚሁ ነው የምውለው» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልጆቼን አላሳፍርም አልኩ። ልጆቹ አለቀሱ፣ ባለቤቴ አኮረፈች፣ ወንድሟ «ፈሪ» ብሎ ሳቀብኝ። ከጓደኛው ጋር ጀልባዋን ይዘው ሄዱ።

መጀመሪያ ላይ እየሳቁ ፎቶ ይነሳሉ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ይሄ ነው። መሃል ሲደርሱ ጀልባዋን ማዞር አቃታቸው። ወደ እኛ እየቀዘፉ ከእኛ ይርቃሉ! ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ሞተር ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ ቆሟል። ልጁ ሰዓቱን አየት አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የተከራዩበት ሰዓት እኮ ገና አላለቀም።» ስጮህበት ደግሞ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፣ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል አለኝ። በመጨረሻ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ በራሱ ሞተር ሄዶ ከወዲያኛው ዳር ጎትቶ አመጣቸው። መዳፋቸው ተልጧል፣ አንደኛው እያስመለሰው ነው። እና ቢሮው ምን አደረገ? የተጨማሪ ሰዓት ሂሳብ አስከፈለን። የአስተያየት ደብተር ስጠኝ ስለው «ሞልቷል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የባለቤቴ ወንድም ግን ዛሬ ጀልባ ሊከራይ ሲል አስቀድሞ የባንዲራውን ፎቶ የሚልከው ለእኔ ነው።

2. ወደ ጥንካሬው ስመጣ፣ አፑ ላይ ከፀሐዩ ምልክት ወርደሽ ነፋሱን ክፈቺ። «የሰሜን ነፋስ» ማለት ከሰሜን የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋሽ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሞገዱ ጫፍ በብዛት ነጭ አረፋ ያወጣል። ያን ነጭ ካየሽ በትንሽ ጀልባ አትውጪ። ድንገት የሚመጣው የነፋስ ግፊት ለብቻው ሌላ ቁጥር አለው፤ እሱንም እዪው። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይሻላል። ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል። ነጎድጓድ ከሰማሽ ግን ቁጥር የለም፣ ሁሉም ከውሃ ይውጣ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

3. ወንዙ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ደራሽ ውሃ የሚገድለው በዚህ ነው። ስትደርሱ ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀምጪና እሱን ተከታተዪ። ድንጋዩ ከተዋጠ፣ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ አትዘግዩ። ከላይ ግድብ ካለ ውሃ መቼ እንደሚለቁ ጠይቂ። ፍጥነቱን ለማወቅ ዳሩ ላይ 10 ሜትር ለኪና እንጨት ወርውሪ። በ10 ሰከንድ ካለፈ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ተራ ዋናተኛ ግን እሱን ተቃውሞ ብዙ አይቆይም። ልጆች ጉልበታቸው ድረስ እንኳ አይግቡበት። ውሃው ከወሰደሽ ለመቆም አትሞክሪ፣ እግርሽ ድንጋይ መሃል ይቀረቀራል። በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ እግርሽን ውሃው ወደሚሄድበት አድርጊ፣ በሰያፍ ወደ ዳር ውጪ። ውሃውን አቋርጠው የወደቁ ዛፎች ካሉ ግን ከሩቁ ሽሺያቸው። ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ያልፋል፣ ሰው አያልፍም።

ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ ካልሽ፣ ጥልቀቱን በዓይንሽ አትለኪ። ከላይ ስታዪው ከእውነተኛው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመስለው፤ አንድ ሜትር ተኩል ነው ያልሽው ሁለት ሜትር ይሆናል። በጭንቅላት መጥለቅ ደግሞ ጨርሶ የለም። ውሃው ላይ የተደፋ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ካለ አትግቡ። መርዛማ ሊሆን ይችላል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ሣር የበዛበት፣ ቀንድ አውጣ ያለበት የተኛ ውሃ በሞቃት አገር ቢልሃርዝያ፣ ማለትም በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል፣ ሊኖረው ይችላል፤ ፎጣ ቶሎ ማድረግ አያድንም። ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቆሻሻው ሁሉ ታጥቦ ስለሚገባ ሁለት ሦስት ቀን ይለፈው።

ለወንድምሽ የምነግረው ግማሹ የዚህ ተቃራኒ ነው። ነፋሱ የሚመታው ዳር ምግቡን ሁሉ ስለሚሰበስብ ዓሣውም እዚያ ይመጣል። ስለዚህ እሱ ሞገዱ የሚመታው ዳር ላይ ቆሞ ያጥምድ፣ ልጆቹ የተከለለው ጋ ይሁኑ። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካየ ግን ተራቡ ብሎ እንዳይደሰት። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው፤ ሞቶ የተንሳፈፈውንም ቤት እንዳያመጣ።

የምትሄዱበትን ቀንና ዳሩ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚያይ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ነፋሱን አብረን እናየዋለን።