መልስ፦ ርኅሩኅ ሠራተኛ መስኮት ላይ ለምን ቶሎ ይዝላል?

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤታችሁ ርኅሩኆቹን ሠራተኞች ባለጉዳይ ማስተናገጃ ላይ መድባችሁ በጥቂት ወራት ለምን እንደዛሉ ጠይቀሻል። ስንፍና አይደለም።

የመንግሥት አስተዳደር ተመራማሪው ጄምስ ፔሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ ሕዝብን የማገልገል ፍላጎት አራት ገጽታ አለው፦ ወደ ፖሊሲ ሥራ መሳብ፣ ለሕዝብ ጥቅም መቆርቆር፣ ርኅራኄ እና ራስን መስጠት። ሁሉም ሰው በአራቱም እኩል አይነሣሣም። ርኅሩኅ ሰው የሚነሣሣው ፊቱ ለቆመው ሰው ነው። ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ እናት "ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ" ሲባሉ መላሿም አብራ ትቆስላለች፤ መርዳት እየፈለገች ሥልጣኑ የላትምና። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ራሷን ለማዳን ልቧን ትዘጋለች። ያኔ ነው "ተሰላችታለች" የምትባለው።

ሥርዓት ወዳድ የሆነውን ሠራተኛ የሚያደክመው ደግሞ የተዘበራረቀ ፋይል ነው፤ መዝገብ ቤቱን እሱ ያስተካክለው።

ርኅሩኆቹን ግማሽ ቀን መስኮት፣ ግማሽ ቀን ፋይል ላይ አፈራርቂያቸው። መመሪያው እስከፈቀደ ድረስም ትንሽ የመወሰን ሥልጣን ስጫቸው፤ አንድ የጎደለ ሰነድ በቀጠሮ እንዲሟላ መፍቀድ እንኳ ብዙ ያቀላል። ይህን ሳታደርጊ ሥልጠና ብትደራርቢባቸው ለውጥ አታገኚም።

ስትቀጥሪ በመጠይቅ ብቻ አትተማመኚ፤ "ሕዝብ ማገልገል አልወድም" የሚል ተወዳዳሪ የለም። "መመሪያ ያልፈቀደለትን ሰው መጨረሻ ጊዜ እንዴት ሸኘኸው?" ብለሽ ምን እንዳለው፣ ምን እንደተመለሰለት፣ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ በዝርዝር ጠይቂ።