እሁድ እበላለሁ፣ ሌሊት እበላለሁ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የ29 ዓመት ሰው ነኝ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ።

አምና አንድ ጓደኛችን ፖከር አስተማረን። ከዚያ በፊት ከኮንከር ሌላ የካርታ ጨዋታ አናውቅም ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽምብጥ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ልጅ ቤት አምስት ሆነን እንሰበሰባለን። ቺፕስ (በብር ምትክ የሚያስይዙት ክብ ነገር) የለንም፤ የምናስይዘው የሽምብራ ቆሎ ነው። አንዷ ፍሬ 5 ብር ናት። (አንዱ ልጅ ሲጨንቀው ገንዘቡን ይቆረጥማል።) ማንም ከ200 ብር በላይ ይዞ አይገባም።

ብዙውን ጊዜ የምበላው እኔ ነኝ። ማን ምን እንደያዘ ይገባኛል። አንዱ ለምሳሌ ባዶ እጁን ሲያስፈራራን ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል፣ እሱ ግን ማንኪያውን አይለቅም። ሌላው ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ወሬ ያቆማል። «አንተ እኮ ተሰጥኦ አለህ» ይሉኛል። በፈረንጆቹ 2003 በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ ጀምሮ በዓለም የፖከር ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ስለወሰደው አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አይጠይቁኝ።

ኦንላይን ገባሁ። ዶላር የሚሞላልኝ ልጅ አለ፤ በቴሌብር ብር እልክለታለሁ፣ ኮሚሽኑን ቆርጦ አካውንቴ ላይ ይጭንልኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት በላሁ። ከዚያ በሁለት ወር 18,500 ብር ሄደ። ልጄና እናቱ ሲተኙ የስልኩን ብርሃን ቀንሼ ሳሎን እቀመጣለሁ። አንድ ሌሊት አራት ቀይ ልብ ሞልቶልኝ ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት) ለመሙላት አንዲት ካርታ ብቻ ቀረችኝ። መሐል ላይ 10 ዶላር ነበር፣ ሰውየው 10 ጨመረ፣ እኔም 10 አስያዝኩ። አልመጣችም። እንደዚያ ዓይነቱ ብዙ ነው። እሁድ እበላለሁ፣ ሌሊት እበላለሁ።

ባለቤቴን «ስክሪን አዝዤበት ነው» ብያታለሁ። በሚቀጥለው ወር እቁብ ይወጣልኛል። ጨዋታውን በደንብ ብማር የተበላሁትን አስመልሳለሁ? ወይስ ልተወው?

የእሁዱ አሸናፊ

*

ወንድሜ፣

ሁለቱን «እበላለሁ» አንድ ዓይነት አድርገህ ጽፈሃቸዋል፤ ፊደላችን አያስለያቸውምና አልፈርድብህም። ሁለተኛውን አጥብቄ ነው ያነበብኩት።

እኔም ካርታ እወዳለሁ። ስለዚህ ቁጣ የጠበቅክ ከሆነ ተሳስተሃል። ግን እሁድ የምትበላው በፖከር ችሎታህ አይመስለኝም። የምትበላው ጓደኞችህን ስለምታውቃቸው ነው። ማንኪያውን ታያለህ፣ ዝምታውን ትሰማለህ። ስልኩ ላይ ማንኪያ የለም። እዚያ የሚቀርህ ሒሳብ ብቻ ነው፣ ሒሳቡን ደግሞ ገና አልጀመርከውም።

ያችን ሌሊት እንያት። ካርታው 52 ነው። በእጅህ 2፣ መሬት ላይ ለሁላችሁም የተገለጡ 4፣ በድምሩ 6 አይተሃል። ያላየኸው 46 ነው። ልቦቹ 13 ናቸው፤ 4ቱ ካንተ ዘንድ ስላሉ የቀሩት 9 ናቸው። ከ46 ውስጥ 9 ማለት ከአምስት ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። አንተ 10 ዶላር ያስያዝከው 20 ለመብላት ነው። አምስት ጊዜ ብትሞክረው አራቴ ትበላለህ (ይሄንንም አጥብቀህ አንብበው)፣ 40 ዶላር ሄደ። አንዴ ይሳካልሃል፣ 20 መጣ። ሰውየው ፍላሽህ ከሞላ በኋላ ሌላ ካልጨመረልህ በቀር፣ በየአምስቱ 20 ዶላር እየከሰርክ ነው። ዕድልህ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የከፈልክበት ዋጋ ውድ ስለነበር ነው። ስክሪን በ2,000 ገዝተህ በ1,500 አትሸጥም አይደል?

ሌላም አለ። እሁድ ሽምብራው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ይዞራል እንጂ ከቤት አይወጣም፣ ከተቆረጠመው በቀር። ኦንላይን ግን ጨዋታውን የሚያካሂደው ድርጅት መሐል ላይ ከተያዘው ገንዘብ ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ 5 አካባቢ ነው። ካንተ በላይ ከሆኑት ጋር እየተጫወትክ ለድርጅቱም ትከፍላለህ፣ ለዶላሩ ልጅም ትከፍላለህ። ያ ልጅ አንድ ቀን ስልኩን ቢዘጋ አቤት የምትልበት የለህም። ፍጥነቱን ደግሞ አስበው። በእጅ ሲታደል በሰዓት 25 ወይም 30 ዙር ነው። ስልኩ ላይ በአንድ ጠረጴዛ 60 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስሕተትህም አብሮ ይፈጥናል።

ስለ አሜሪካዊው ጓደኞችህ የነገሩህ እውነት ነው። ክሪስ መኒሜከር ይባላል። ያን ውድድር የገቡት ግን 839 ሰዎች ነበሩ። ስለ 838ቱ የነገሩህ ነገር አለ?

ጥያቄህን ልመልስ። መማር ትችላለህ፤ የተበላኸውን ለማስመለስ ግን አይሁን። ገንዘብ ለማስመለስ የሚቀመጥ ሰው ካርታውን ጥሎ ከዙሩ መውጣት ያቅተዋል። ፖከር ደግሞ አብዛኛው መጣል ነው። ምርጡ ጅምር፣ ሁለት አስ፣ በእጅህ የሚገባልህ ከ221 ዙር አንዴ ነው፤ እስከዚያ ምን ልታደርግ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርታዎች አይተህ አብዛኛውን ጊዜ ወርውረህ ሻይህን ትጠጣለህ። ተራህ ከሁሉም በኋላ ከሆነ ትንሽ ዘና በል፣ ሌላው ያደረገውን አይተሃልና። ተራህ ቀድሞ ከሆነ ቆጠብ በል። ይህን እዚያው ሽምብጥ በሽምብራ ተለማመደው። ያለ ገንዘብ የሚጫወቱባቸው አፖችም አሉ፤ ቅደም ተከተሉን ያስለምዱሃል። ማስፈራራት ግን እዚያ አትማርም፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው አይፈራም።

ለዶላሩ ልጅ ዛሬውኑ በቃኝ በለው። የቀረች ሳንቲም ካለች አውጣ። አፑንም አጥፋው። ማጥፋቱ አልሆንልህ ካለ፣ ወይም አጥፍተህ ሌሊቱን መልሰህ ከጫንከው፣ ነገሩ ከጨዋታ አልፏልና የሚያማክርህ ባለሙያ ፈልግ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ እቁቡ ከመውጣቱ በፊት ንገራት። ከወጣ በኋላ ብትነግራት «ልመልሰው አስቤ ነበር» የምትለው ቃል ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከ18,500ው ይብሳል። ቁጥሩን ሳትቀንስ ንገራት። የስክሪኑንም ውሸት አብረህ አውጣው፤ አንድ ቀን «ስክሪኖቹ የታሉ?» ማለቷ አይቀርም። ከፈለግህ አሣ ለብለብ ይዘህ ግባ፣ ግን ከበላችሁ በኋላ ተናገር። እየበላች ብትሰማ አሣውም ያንተም ነገር ይበላሻል። የእቁቡን ብር እሷ ትያዘው።

የእሁዱን አትተው። ለሻዩ ልጅ ግን ስለ ማንኪያው ትንፍሽ እንዳትል።